ለማራቶን የሚሆን የመሮጫ ጫማ እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦

የተከበራችሁ የአትሌቲክስ ወዳጆች፣ እስካሁን በ10 ኪሎ ሜትር ውድድሮች ስሳተፍ ቆይቼ አሁን ለግማሽ ማራቶን፣ ቀጥሎም ለማራቶን እየተዘጋጀሁ ነው። በሳምንቱ መካከል በበሬሳ ወንዝ አካባቢ በሣርና በፒስታ መንገድ ላይ እሮጣለሁ፤ ረጅሙን ሩጫ ግን ወደ ጫጫ በሚወስደው አስፋልት ዳር እሠራለሁ። ያለኝ ጫማ በአጭር ርቀት ምንም አይለኝም፤ ሩጫው ሲረዝም ግን ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ቁልቁለት በበዛበት ቀንም የአውራ ጣቴ ጥፍር ይጠቁራል። በሶሉ መሃል የካርቦን ዝርግ (ስስና ጠንካራ ሳህን) ያለውን የውድድር ጫማ ከአንድ አትሌት ላይ ብገዛ፣ አዲስ የልምምድ ጫማ ብገዛ ወይስ ከሳልቫጅ ጥሩ ስም ያለውን ብፈልግ ይሻለኛል?

መልስ (ከደብረ ሲና፣ አሰልጣኝ)፦

ወንድሜ፣ ከዋጋውና ከስሙ በፊት ስለ እግርህ እንነጋገር። የዘረዘርካቸው ሁለቱም ችግሮች ጫማው እንደጠበበህ ወይም እንዳጠረህ የሚጠቁሙ ናቸው። ሩጫ ሲረዝም እግር ስለሚያብጥ፣ ሲነሡ ልክ የነበረው ጫማ ወደ መጨረሻው ጠባብ ይሆናል። ስለዚህ ለመለካት የምትሄደው ከሰዓት በኋላ፣ ብዙ ከተራመድክ በኋላ ይሁን፤ የምትሮጥበትንም ካልሲ ያዝ። በጫማው ውስጥ የተነጠፈውን ስስ ሶል አውጥተህ መሬት ላይ አድርገውና በባዶ እግርህ ቁምበት፤ ጣቶችህ ወይም የእግርህ ጎን ከጠርዙ ካለፉ ያ ጫማ ለአንተ አልተሠራም። ካጠለቅኸው በኋላም ከረጅሙ ጣትህ ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት መቅረት አለበት። ሁለተኛው ጣቱ ከአውራ ጣቱ የሚረዝምበት ሰው ብዙ ስለሆነ ይህንንም ልብ በል። የአንዱ ፋብሪካ 42 ከሌላው 42 ጋር እኩል ላይሆን ስለሚችል ቁጥሩን ብቻ አምነህ አትግዛ።

ጥፍርህ የሚጠቁረው ቁልቁለት ላይ እግርህ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ከጫማው አፍንጫ ጋር ስለሚጋጭ ነው፤ ከጣርማበር ወደዚህ የሚወርደውን መንገድ የሚሮጡ ልጆች በደንብ ያውቁታል። ከላይ በቁርጭምጭሚቱ በኩል የምትተወውን የመጨረሻዋን ቀዳዳ ተጠቅመህ፣ ክሩን በዚያው ጎን መልሰህ በማስገባት በየጎኑ ቀለበት ሥራና የክሩን ጫፎች በተቃራኒው ቀለበት አሳልፈህ እሰር። ተረከዝህ ከቦታው አይነቃነቅም።

የሰሜን ሸዋው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ንቆ አልነበረም፤ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦ በ2፡12፡11.2 አሸንፏል።

መልስ (ከአዲስ አበባ፣ የማራቶን ሯጭ)፦

በአሰልጣኙ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ስለ ካርቦኑ ግን የምጨምረው አለኝ። ጫማው ጥቅም የለውም አልልም። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2፡11፡53 የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው ደግሞ 500 ዶላር ነበር፤ ሆኖም አምራቹ ራሱ ጫማው የተሠራው ለአንድ ማራቶንና ለመላመጃ ያህል ብቻ መሆኑን ተናግሯል። እንዲህ ያለውን ጫማ አንድ አትሌት ከተወዳደረበት በኋላ ብትገዛው፣ ዝርጉ ደኅና ቢሆን እንኳ ገንዘብህን ያወጣህበት፣ በሶሉ ውስጥ ያለው የስፖንጁ ንጥረት አልቆ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ወፍራምና ለስላሳ ሶል ድንጋይ በበዛበት ፒስታ ላይ ቁርጭምጭሚት ያስጠመዝዛል። የሶሉም ውፍረት ሕግ አለው፤ በጎዳና ውድድር ከ40 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ደራራ ሁሪሳ እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየና ማራቶንን በአንደኝነት ከጨረሰ በኋላ ውጤቱ የተሰረዘው የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ነው፤ ያን ሁሉ ልፋት በጫማ ምክንያት ማጣት በጣም ያሳዝናል።

ሳልቫጁን በተመለከተ፣ ሶሉ ከሥር አዲስ ቢመስልም አትቸኩል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አቁመህ ከኋላው ተመልከተው፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ ተቀርጾበታል። የስፖንጁን ጎን በአውራ ጣትህ ስትጫነው ደርቆ እንቢ ካለህ፣ ወይም ጥቅጥቅ ያሉ መስመሮች ካየህበት ተወው። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ልከኛ አዲስ የልምምድ ጫማ ገዝቼ በእርሱው እወዳደር ነበር።

ጠያቂው፦

ጋሼም እኅቴም እጅግ አመሰግናለሁ። የልምምድ ጫማ ለመግዛት ወስኛለሁ። ማለቁን በምን አውቃለሁ? የደብረ ብርሃን ውርጭና የክረምቱ ጭቃስ አይጎዳውም?

መልስ (አሰልጣኙ)፦

በተለምዶ የልምምድ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ይባላል፤ እንደ ክብደትህና እንደ መንገዱ ይለያያል። ከቁጥሩ ይልቅ ባትህንና ጉልበትህን አድምጥ፤ ልምምድህን ሳትቀይር ያልነበረ ሕመም ከጀመረህ መጀመሪያ ጫማውን ጠርጥር። ብርድ ስፖንጁን ስለሚያጠነክረው በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ጫማህን ደጅ አታሳድር፤ የመጀመሪያዎቹንም ኪሎ ሜትሮች ቀስ ብለህ ጀምር። ጭቃውን በቀዝቃዛ ውኃ አጥበህ፣ ውስጡን ጋዜጣ ጎስጉሰህ ጥላ ላይ አድርቀው፤ እሳት ዳር ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ማስቲሹ ይለቃል። ለውድድሩም አዲስ ጫማ ይዘህ አትቅረብ፤ ቢያንስ በአንድ ረጅም ሩጫ ሞክረው።