ሥራ ሳላቆም ድርጅታዊ አመራር ልማር እያሰብኩ ነው፤ ያለፋችሁበት ምከሩኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጋዘን ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ 14 ሠራተኞች አሉኝ። ኃላፊነቱን የሰጡኝ ሥራውን ስለምችለው ነው እንጂ ሰው መምራት ተምሬ አይደለም። አሁን የማታ ማስተርስ ልመዘገብ ነው። ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ይሻላል ድርጅታዊ አመራር እያልኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ቤት ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ጊዜው ይበቃኛል? የምማረውስ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ይጠቅመኛል?

መልስ 1፦
ፋይናንስ፣ ሒሳብና ማርኬቲንግ ከጎደለሽ ኤምቢኤ። የሚያስጨንቅሽ የሰዉ ነገር ከሆነ፣ ማለትም ቡድን፣ ግጭት፣ ለውጥ፣ አመራሩ ይሻልሻል። ግን ስሙን ብቻ አይተሽ አትመዝገቢ፤ የኮርሶቹን ዝርዝር አንብቢ።

መልስ 2፦
እህቴ፣ እኔ የጥሪ ማዕከል ቡድን እየመራሁ ነው የተማርኩት። የሰኞ ጠዋቱን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ሴሚስተር የራሳችንን ስብሰባ እንድንታዘብ ታዘዝን። የሁሉንም ስም ወረቀት ላይ ጻፍኩ። አንድ ሰው በተናገረ ቁጥር ከስሙ ፊት አንድ ጭረት። ስብሰባው ሲያልቅ እኔ ጋ 23 ጭረት ነበር። ሦስቱ ልጆች ጋ አንድም የለም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ቀኑን ሙሉ ሲከብደኝ ዋለ። ቡድኔ ሐሳብ አያመጣም እያልኩ ለአለቃዬ ሳማርር ነበር እኮ የከረምኩት።

በዚያው ሰሞን የሃርቫርዷን የአመራር ተመራማሪ የኤሚ ኤድመንድሰንን ጥናት አነበብን። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሆስፒታል ውስጥ ስታጠና፣ ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች የበለጠ የመድኃኒት ስህተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። በኋላ ስትመረምረው፣ የበለጠ ስለተሳሳቱ ሳይሆን ስህተታቸውን ለመናገር ስላልፈሩ ይመስል ነበር። እኔ ግን የራሴን ወረቀት ነው ያሰብኩት።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ መጨረሻ መናገር ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከዝምተኞቹ አንዷ ደንበኞች ለምን ደጋግመው እንደሚደውሉ ነገረችን። የማረጋገጫ መልእክታችን ዘግይቶ ነበር የሚደርሳቸው። ለወራት ታውቅ ኖሯል!

ጊዜ የሚበላው ኮርሱ ሳይሆን መመረቂያ ጽሑፉ ነው። የራሴን ሠራተኞች ቃለ መጠይቅ ላደርግ አስቤ ነበር። አማካሪዬ «አለቃቸው ነህ፤ እምቢ ማለት ይችላሉ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሌላ ክፍል መርጬ ጥናቶችን ከሚፈቅደው የዩኒቨርሲቲው ሥነ ምግባር ኮሚቴ እንደገና ፈቃድ እስካገኝ አንድ ሴሚስተር አለፈኝ። አንቺ ከአሁኑ አስቢበት።

መልስ 3፦
እኔም የልጆች እናት ነኝ። በሴሚስተር ከሁለት ኮርስ በላይ አትያዢ። ሦስት ይዤ አንዱን መሃል ላይ ለማቋረጥ ተገድጃለሁ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ስብሰባ አለን፤ ወረቀቱን አዘጋጅቻለሁ። እንደምቆጥር ልንገራቸው?

መልስ 2፦
ንገሪያቸው። እኔ ሳልነግራቸው ነው የቆጠርኩት። ለካ ጭረቱን ያዩት ልጆች ነጥብ የምሰጣቸው መስሏቸው ሰግተው ነበር።