«ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም» ምኑ ያኮራል? (የአዳማ መኪና ወዳጆች ክርክር)

የቦኩ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ የ2003 ሞዴል ፖርሽ ቦክስተር ለሽያጭ ያወጣው ሰውዬ «ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም» ብሎ ሲፎክር አንጀቴ አረረ። ለቪትዝ ቢሆን እሺ። የዚህ ሞተር መካከለኛ ዘንግ ኩሽኔታ (ካቴናውን የሚያዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ባለ ኳስ ቀለበት) ግን ችግር እንዳለበት ዓለም ያወቀው ነው። ኩሽኔታው ሲበተን ካቴናው ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፣ አበቃ። ሻጭ ይህን ለገዢ የመንገር ግዴታ አለበት ባይ ነኝ። ቀይሬዋለሁ ቢል ነበር የሚያኮራው።

ባለቦክስተር፦ ሰውዬው እኔ ነኝ። የሚሠራ ሞተር አይከፈትም። አለቀ። ከገዛሁት ጀምሮ አንድ ቀን ጮኾብኝ አያውቅም፤ ፈጣኑን መንገድ በሳምንት በሳምንት ነው የምመላለስበት።

ካምቢዮ አውራጅ፦ ባለቦክስተር፣ እስኪጮህ ነው የምትጠብቀው? ይህ ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው። ከፋብሪካ ግራሶ ተሞልቶ፣ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ማሸጊያው ሲያረጅ የሞተር ዘይት ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል፤ የገባው ዘይት ደግሞ እዚያው ተኝቶ ይበላሻል እንጂ እንደልቡ አይዘዋወርም። ደግሞ «መክፈት» የምትሉት ምንድን ነው? ካምቢዮ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይፈታል፣ ቮላኖ (ከሞተሩ ጫፍ ላይ የሚዞረው ከባዱ ክብ ብረት) ይወጣል፣ ከጀርባው ኩሽኔታውን ታገኘዋለህ። ሞተሩ ለሁለት አይከፈልም። ለሁለት ካልተከፈለ የማይወጣው ከ2006 ሞዴል ወዲህ የመጣው ትልቁ ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ደግሞ ጠንካራ ነው።

ባለቦክስተር፦ ካምቢዮ አውርዶ ቮላኖ ነቅሎ «አልተከፈተም» የሚል መካኒክ ዛሬ አየሁ። ተመስገን።

ስሌት፦ ጫጫታው በዛ። አሜሪካ ውስጥ በፖርሽ ላይ በቀረበው ክስ ሲጠቀስ የኖረው የብልሽት ቁጥር ኳሶቹ በአንድ ረድፍ ለተደረደሩበት ኩሽኔታ ከመቶ 8 ገደማ ነው፤ ለቀድሞው ባለ ሁለት ረድፍ ደግሞ ከመቶ 1 አካባቢ። 92ቱ ምን ሆኑ? በሰላም እየነዱ ነው።

የቦኩ ልጅ፦ ከመቶ 8 የማሸነፍ ዕድል ያለው ሎተሪ ቢኖር አንተ ቤትህን ሸጠህ ትቆርጥ ነበር። ሞተር ሲሆን ግን 8 ትንሽ ሆነብህ።

ስሌት፦ ቤቴን ተዋት። የኪራይ ናት።

ፍትሐ ብሔር፦ ሕጉን ላስታውስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ገዢም መርምሮ፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ውል ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ብለው የሚያስፈርሙ ደላሎች አውቀው የደበቁትን ነገር በዚያ ወረቀት የሚያመልጡ ከመሰላቸው ተሳስተዋል።

ባለቦክስተር፦ ምን ደበቅኩ? አልተከፈተም አልኩ፣ አልተከፈተም። ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ድክመትና ጉድለት ደግሞ ለየቅል ናቸው። ኩሽኔታው ዛሬ ደህና ከሆነ ጉድለት የለም።

ፍትሐ ብሔር፦ ደህና መሆኑን በምን አወቅክ፣ ሳትከፍተው?

ወንጂ ማዞሪያ፦ 😂 ተያዘ። በነገራችን ላይ የቢኤምደብሊው ኤም 3ም እንዲሁ ነው። ከ2008 እስከ 2013 ሞዴል የነበረው ባለ 8 ሲሊንደሩ የቢየላ (ፒስቶኑን የሚይዘው ክንድ) ኩሽኔታ ይበላል። የአጎቴ ልጅ በሚታዘዝለት 10ደብሊው-60 ወፍራም ዘይት ፈንታ ሶማሌ ተራ ያገኘውን ዘይት ሞልቶ...

ካምቢዮ አውራጅ፦ አታደባልቁ! እሱ ኳስ የለውም፣ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ልሙጥ ነገር ነው። ከሥር ኮፓውን (የዘይት መያዣውን) አውርደህ ትቀይረዋለህ። ይኼ ሌላ በሽታ፣ ያ ሌላ።

ወንጂ ማዞሪያ፦ ሁለቱም ኩሽኔታ፣ ሁለቱም ሞተር ገዳይ። ምን አስጮኸህ?

ሸገር ነኝ፦ ለማንኛውም አዲስ አበባ ላኩት። አዳማ ላይ ከባጃጅ ሌላ የሚያውቅ ሰው የት አለ?

ካምቢዮ አውራጅ፦ አዲስ አበባ የተበላሸውን ማን እንደሚያስተካክለው መጥተህ በሬ ላይ ቆመህ ቁጠር።

እታለም፦ ወንዶች፣ ዋናውን ነገር ረሳችሁት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለው ያው ያለው ነው። ሻጭ ዋጋ የሚቆልለው ለዚህ ነው፣ ገዢም አፉን ይዞ የሚከፍለው ለዚህ ነው። የዓመት ምርመራው እንደሆነ ፍሬንና መብራት አይቶ ቦሎ ይሰጣል እንጂ ሞተር ውስጥ አይገባም። ታዲያ ካልተናገረ ማን ይንገረን?

ባለቦክስተር፦ እታለም፣ አንቺ እንኳ? እሺ ምን ላድርግ፣ ልጣለው?

ካምቢዮ አውራጅ፦ አትጥለውም። የዘይት ፊልትሩን አውጣ፣ ዘይቱን አንጠፍጥፍ፣ የወረቀቱን እጥፋቶች በጣትህ ዘርጋቸው። ጥቁር የፕላስቲክ ፍርፋሪ ካየህ ከካቴናው መምሪያ ነው። የሚያብለጨልጭ ካየህ ማግኔት አስጠጋ፤ ተስቦ ከተለጠፈ ብረት ነው፣ ቁልፉን አስቀምጥና አትንዳ። ንጹሕ ከሆነም ፎቶውን ማስታወቂያህ ላይ ለጥፍ፣ ዋጋህን ጠይቅ።

ስሌት፦ ፊልትሩ ዛሬ ንጹሕ ቢሆን ለነገ ዋስትና ይሆናል?

ካምቢዮ አውራጅ፦ አይሆንም። አልኩ እንዴ?

ባለቦክስተር፦ ተስማማሁ። ቅዳሜ ፖስታ ቤት ጋ አመጣዋለሁ፣ በፊታችሁ ይውጣ። የዘይቱን፣ የፊልትሩንና የእጅ ዋጋውን ግን ጠያቂው ይቻል።

የቦኩ ልጅ፦ ጠያቂው ማለት እኔ? የምትሸጠው አንተ፣ የምከፍለው እኔ?

ባለቦክስተር፦ አንተ አይደለህ አንጀቴ አረረ ያልከው?