"ቦሎው የዘንድሮ ነው" ይበቃል? የመኪና ምርመራ ታሪክ ለገዢ ይከፈት ወይስ አይከፈት

ባለ ኮሮላ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር አንስቼ እንድንከራከርበት ፈልጌ ነው። አሮጌ መኪና ልንገዛ ስንሄድ ሻጩም ደላላውም መጀመሪያ የሚነግሩን "ቦሎው የዘንድሮ ነው" የሚለውን ነው። እኔ የምለው፣ መኪናው በየዓመቱ ሲመረመር የተገኘበት ጉድለት ሁሉ ይመዝገብ፣ ገዢም በሻንሲ ቁጥሩ ገብቶ ይየው። ቦሎ ማለፉን ብቻ ነው የሚነግረን። ስንት ጊዜ እንደወደቀና በምን እንደወደቀ አይነግረንም።

ይሄን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። አምና ኮሮላ ገዛሁ። ቀለሙ ያበራል፣ ቦሎው አዲስ ነው፣ ሊብሬው ንጹህ ነው። ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራረምን፣ ስም አዞርኩ። ከሁለት ወር በኋላ ጎማ ላስቀይር ሄጄ መኪናውን ወደ ላይ ሲያነሱት ልጁ ጠራኝና በባትሪ አሳየኝ። ከኋላ በኩል ከስር፣ አንድ ስንዝር የሚሆን የብየዳ ስፌት አለ፣ ላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሳ። ስሩ ዝገት ነው። መኪናው ከኋላ በደንብ ተመትቶ ያውቃል ማለት ነው። ከእኔ በፊት ይሄን ያየ መርማሪ አልነበረም? ካየስ የት ጻፈው?

የጋራዥ ሰው፦
ወንድሜ አዝናለሁ፣ ግን መድኃኒቱ ወረቀት አይደለም። ሃያ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ነው ያለሁት። ለምርመራ ቀን ብቻ ጎማ ተውሶ የሚሄድ አይቻለሁ። እሳት ማጥፊያ ከጎረቤት ለምኖ የሚሄድ አይቻለሁ። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ወረቀቱ ብቻ ሄዶ ያለፈበትንም አውቃለሁ። እንዲህ ያለ መዝገብ ብታነበው ምን ይጠቅምሃል? እንዲያውም "አምስት ዓመት በተከታታይ አልፏል" ብለህ ትዘናጋና መካኒክ ሳትይዝ ትገዛለህ።

ለእኔ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ። ማግኔት ይዤ ላሜራውን እዞረዋለሁ፣ ወፍራም ስቱኮ ያለበት ቦታ ማግኔቱ አይይዝም። የበሩን ጎማ ገልጬ የፋብሪካው ብየዳ ነጥብ በቦታው መኖሩን አያለሁ። የዘይት ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ከውስጥ በኩል ወተት የበዛበት ማኪያቶ የሚመስል ነገር ካለ ውሃና ዘይት መገናኘቱን እጠረጥራለሁ፣ ጓርኒሲዮን ወይ ቴስታ ነው። ይሄን የትኛው መዝገብ ይነግርሃል?

የለንደኗ፦
ጋሼ ያሉት እውነት ነው፣ ግን አንዱ ሌላውን አይተካም። እዚህ እንግሊዝ መኪና ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ በየዓመቱ ኤምኦቲ የሚሉት ምርመራ አለበት። ታሪኩን ማንም ሰው የታርጋውን ቁጥር የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ጽፎ በነጻ ያያል። ባለቤቱን ማስፈቀድ የለም፣ የባለቤቱ ስምም አይወጣም። የሚወጣው ቀኑ፣ ማለፉ ወይ መውደቁ፣ በዚያን ቀን ቆጣሪው ላይ የነበረው ማይል፣ የወደቀበት ምክንያት ነው። ደግሞ "አልፏል፣ ግን ይሄን ነገር ተከታተሉት" የሚል ማሳሰቢያ አለ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

አንድ ያሪስ ልገዛ እየሄድኩ አውቶቡስ ውስጥ ቁጥሯን ጻፍኩ። በመጀመሪያው ዓመት "ከኋላ ስሩ ላይ መለስተኛ ዝገት" ይላል። በሁለተኛው ዝገቱ ጨምሯል ይላል። በሦስተኛው በዚያው ዝገት ወደቀች፣ ከአራት ቀን በኋላ አለፈች። አራት ቀን ውስጥ ምን ዓይነት ሥራ እንደተሠራ መገመት አያቅትም። ለሻጩ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩና በሚቀጥለው ፌርማታ ወረድኩ።

ኤምኦቲ የሞተሩን፣ የፍሪሲዮኑንና የካምቢዮውን ጤና አያይም፣ ስለዚህ ጋሼ ያሉትን የቴስታ ችግር እዚያ አላገኘውም። እኔም መጨረሻ ላይ መካኒክ ይዤ ነው የምሄደው። ግን አራት መኪና ለማየት አራት ጊዜ ለመካኒክ አልከፍልም። ሦስቱን መዝገቡ ይጥልልኛል።

የሜትር ታክሲ ሹፌር፦
ስለ ሻጭ ያሰበ ሰው እስካሁን አላየሁም። እኔ ያለችኝ አንድ ቪትዝ ናት፣ ልጆቼን የማሳድገው በሷ ነው። መሪዋ የዞረ ነው፣ ለማንም አልደብቅም። ከአራት ዓመት በፊት በፍሬን ወድቃ ነበር፣ የዚያኑ ቀን ሸራ አስቀይሬ ተመልሼ አሳለፍኳት። ነገ ልሽጣት ብል ገዢው ያንን ከፍቶ "ይቺ ወድቃ ታውቃለች" ብሎ መቶ ሺህ ሊጥልብኝ ነው። ደላላው ደግሞ ያንኑ ይዞ ሌላ ሃምሳ ሺህ ይቆርጣል። የንብረቴን ገመና ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ለምን አሳያለሁ?

ባለ ኮሮላ፦
ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል፣ እንጀራህ ነው። ግን መዝገቡ እኮ ላንተ ነው የሚመሰክርልህ። "ጠዋት በፍሬን ወደቀች፣ ከሰዓት ተሠርታ አለፈች" የሚል ባለቤት እኔ ነኝ የምፈልገው። ዛሬ ካንተ ቪትዝ አጠገብ ፍሬኗ ያልተሠራ ሌላ ቪትዝ ታጥባ ተወልውላ ቆማ ባንተ ዋጋ ነው የምትሸጠው። ያንተ ልፋት የት ታየ?

ጋሼ፣ "መዝገቡ ውሸት ነው" ላሉት ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ውሸቱ የሚኖረው ማንም ስለማያየው ነው። ኪሎ ሜትሩ በየዓመቱ አብሮ ይጻፍ። በአንዱ ዓመት 210 ሺህ፣ በሚቀጥለው 140 ሺህ ከተጻፈ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያገኘዋል። ያሳለፈው መርማሪ መለያ ቁጥርም ይቀመጥ። አሁን እኔ ያቺን ብየዳ ማን እንዳሳለፋት ልጠይቅ ብል የምይዘው ነገር የለኝም።

በሻንሲ ይሁን ያልኩት ደግሞ ታርጋ ስለሚቀየር ነው። መኪናው ከክልል ክልል ሲዞር ታሪኩ ተቆርጦ ይቀራል።

አሁን ያለንበትንም እናስብ። በ2012 በወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በቆዩ መኪኖች ላይ ታክሱ ከበደ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ገና ብዙ ይዞራል። አምስተኛውና ስድስተኛው ባለቤት የፊተኞቹን በስም እንኳን አያውቃቸውም።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ፦
እኔ ካለሁበት ልጨምር። ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ መኪና ስም ሲዞር የደህንነት ምርመራ ግዴታ ነው፣ ሰርተፍኬቱ 90 ቀን ያገለግላል። ድንበሩን ተሻግረህ ዋሽንግተን ዲሲ ስትገባ ግን ለግል መኪና ያንን ምርመራ እንደ ፈረንጆቹ በ2009 አስቀርተውታል፣ የሚያዩት ጭሱን ነው። የሜሪላንዱም ቢሆን ዛሬን ነው የሚያሳይህ። ያለፈውን ማወቅ ስትፈልግ ለግል ድርጅት ከፍለህ ሪፖርት ትገዛለህ፣ ኢንሹራንስ ያልሰማውን አደጋ ደግሞ ሪፖርቱም ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ እኔ ከእህታችን ጋር ነኝ። መንግሥት መርምሮ ከጻፈው ለሕዝብ በነጻ ይክፈተው።

የጋራዥ ሰው፦
በኪሎ ሜትሩ አሳምነኸኛል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ብረት ወጥቶ፣ የመሪው ቆዳ ተልጦ፣ ጌጁ 90 ሺህ የሚል መኪና ስንት ጊዜ መጥቶልኛል። ለገዢው ብነግረውም ደላላው "መካኒክ ሁሉንም ያጣጥላል" ይለዋል። የተጻፈ ነገር ባሳየው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ለሹፌሩ ወንድማችን ግን ልቤ ይከፋፈላል። ይከፈት ከተባለ የወደቀበት ብቻ ሳይሆን የተሠራበትም ቀን አብሮ ይታይ። ግማሹ ከተከፈተ ድሃውን ይጎዳል።

የሜትር ታክሲ ሹፌር፦
እንደዛ ከሆነ እስማማለሁ። የተሠራበት ካልተጻፈ ግን አሁንም አልስማማም።

ባለ ኮሮላ፦
እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ መጀመሪያ ሳነሳው አላሰብኩትም ነበር። መዝገቡ ግን እስኪከፈት ድረስ እህቴ ቅዳሜ መኪና ልትገዛ ነው። ሻጩ የሦስት ዓመት የምርመራ ወረቀቶቹን ይዞ እንዲመጣ ጠይቄው "የአምናው ብቻ ነው ያለኝ" አለኝ። ጋሼ፣ አብረውን ይመጣሉ?

የጋራዥ ሰው፦
እመጣለሁ። በጠዋት ይሁን። ሻጩን ደግሞ ከአሁኑ ንገረው፣ እኔ ሳልደርስ ሞተሩን እንዳያስነሳው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያጨሰውን ጭስ ማየት አለብኝ። ስደርስ ኮፈኑ ሞቆ ካገኘሁት ተመልሰን እንሄዳለን።