ምርመራው ደህና ነው ተባልኩ፤ ታዲያ ለምን ያመኛል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ከታመመች ወዲህ ሰውነቴ የራሴ አልመስል ብሎኛል። ማታ ጋደም ስል ልቤ ድው ድው ይላል። ጠዋት ስነሳ መንጋጋዬ ያመኛል፤ ጥርሴን ስነክስ አድሬ ነው መሰለኝ። ሆዴ ይነፋል፣ ሽንቴ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ እሱ ነው በጣም የሚያስፈራኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ። ሁሉም ደህና ነው። «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ብለው ሸኙኝ። ምንም ከሌለብኝ ለምን ያመኛል? ሐሳብ እንዴት ጣት ያደነዝዛል? የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ። «አትጨነቂ» ብቻ እንዳትሉኝ፣ አደራ።

የሁለት ልጆች እናት፦
አይዞሽ እህቴ። እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር፤ እኔን የረዳኝ በየቀኑ በእግር መሄድ ነው። ቀስ ብሎ ሳይሆን ትንፋሽ እስኪያሳጥር ድረስ። ያን ቀን እንቅልፌም ይሻላል።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
የተወጠረ አንገትና ትከሻ ሳክም ነው የምውለው፤ ስለዚህ ያልሽውን ሁሉ አምንሻለሁ። ሕመምሽ እውነተኛ ነው። ምርመራው ደህና መሆኑ በተመረመርሽው ላይ ችግር አልታየም ማለት እንጂ አላመመሽም ማለት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎላችን ፊት ለፊት የመጣ አደጋና «ይመጣ ይሆን?» ብለን የምናስበው አደጋ ላይ የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ፤ ኮርቲሶል የሚባለው ሌላ ሆርሞንም ይከተላል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል። የምግብ መፈጨት ደግሞ ለጊዜው ወደ ጎን ይባላል፤ የሆድሽ መነፋት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁሉም ለመሮጥ ወይም ለመታገል የሚደረግ ዝግጅት ነው። ዋልተር ካነን የተባለው የፊዚዮሎጂ ምሁር ይህን በመጽሐፍ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1915 ነበር። አንቺ ግን አልጋ ላይ ነሽ። አትሮጪም፣ አትታገዪም። ሰውነትሽ እንደተዘጋጀ ያድራል።

ወደ ጣትሽ ልምጣ። ስንጨነቅ ሳይታወቀን ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን። ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በላይ ይወጣል። እሱ በደም ውስጥ ሲቀንስ ጣትና የከንፈር ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ራስም ያዞራል። አየር ያጠረሽ ይመስልሻል፤ ኦክስጅን ግን አላጠረሽም። ለዚህ ነው «በኃይል ተንፍሺ» የሚለው ምክር አንዳንዴ የሚያባብሰው። ቁም ነገሩ ያለው ማስወጣቱ ላይ ነው። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ትንፋሽ ስናስወጣ ልብ በተፈጥሮው ዝግ ይላል፤ ማርዘሙ ያንን ይጠቀማል።

መንጋጋሽን ደግሞ ቀን ቀን ተከታተዪው። በእረፍት ጊዜ ከንፈር ይገጥማል እንጂ የላይና የታች ጥርስ መነካካት የለበትም። ማታ ስትተኚ ቡጢሽን አጥብቀሽ ጨብጪና ልቀቂ፤ ከዚያ ትከሻሽን፣ ከዚያ እግርሽን። የተወጠረ ጡንቻ መወጠሩን የምናውቀው ሲላላ ነው።

ሾፌሩ፦
እኔ ስለ ሆድ ልጨምር። የጨጓራ ቁስል ነበረብኝ። ያየኝ ሁሉ «ሐሳብ ስለምታበዛ ነው» ይለኝ ነበር። ሲመረመር ግን ባክቴሪያ ተገኘ፤ በአንቲባዮቲክ ታከምኩና ዳንኩ። ይህን ባክቴሪያ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ ሐኪሞች ደረሱበት፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙበት። ይህን የምልሽ ሁሉን ነገር በጭንቀት ማሳበብም እንደማያዋጣ እንድታውቂ ነው። የሆድሽ ነገር ከቆየ አስመርምሪው።

ለሐሳቡ የጠቀመኝ ሰዓት መስጠት ነው። ከራት በፊት ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ የሚያስጨንቀኝን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ነገ ላደርግ የምችለውን ለብቻ፣ ከእጄ የወጣውን ለብቻ። ከዚያ ውጭ ሐሳቡ ሲመጣ «ሰዓትህ ሲደርስ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እሺ አይልም፤ ቀስ በቀስ ይለምዳል። አልጋ ላይ ግን በፍጹም እንዳታደርጊው። አልጋ የእንቅልፍ ቦታ ይሁን።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የጣቴን ነገር የሚያስረዳኝ ሰው ሳገኝ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ማስወጣቱን ማርዘም አሁን ሞከርኩት፤ ትንሽ ቀለል አለኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ማታ ማታ የልብ ምቴን በእጅ ሰዓቴ ደጋግሜ አያለሁ። ጥሩ ነው? እናቴ ጋ የማድረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ አንድ ነገር ብሆንስ እያልኩ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
ሰዓቱን ማታ አውልቂው። ቁጥሩን ባየሽ ቁጥር ትደነግጫለሽ፣ ስትደነግጪ ቁጥሩ ይጨምራል። ቡና የምትወጂ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ተዪው፤ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ብቻ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ብቻሽን ማደርሽ ግን ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ወንድም፣ አክስት፣ የቅርብ ጓደኛ፣ ማንም ይሁን፣ በሳምንት አንድ ሁለት ሌሊት የሚተካሽ ሰው ፈልጊ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በምንም የትንፋሽ ልምምድ አይጠገንም። «አስቸግራለሁ» አትበዪ፤ ሰው ብዙ ጊዜ የማይረዳው ስላልተጠየቀ ነው።

የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ምርመራ መደረጉንም ጠይቂ፤ የዕጢው ሆርሞን ሲበዛ ስሜቱ ከጭንቀት ጋር ይመሳሰላል። ደረጃ ስትወጪ ደረትሽን ካመመሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይም ድንዛዜው በአንድ ጎን ብቻ ከሆነና ንግግርሽ ከተሳሰረ፣ ጭንቀት ነው ብለሽ እንዳትጠብቂ። ወዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ።