ውሃም ደረቴ ላይ ይቆማል፣ ይሄም ቃር ነው?

ሸጋው፦
ሰላም ቤቶች። ቃር አለብህ ተብዬ ኦሜፕራዞል መዋጥ ከጀመርኩ ቆየሁ። ማቃጠሉ ትንሽ በረድ ብሏል፣ ምግቡ ግን አልወርድ አለኝ። እንጀራ ስጎርስ ደረቴ መሃል ቁጭ ይላል፣ ይውረድ ብዬ ውሃ ስጠጣበት እሱም እላዩ ላይ ይቆማል። ማታ ጋደም ስል የበላሁት ሽሮ እንዳለ ይመለስና ጠዋት ትራሴ ላይ አገኘዋለሁ (እየበላችሁ ያላችሁ ይቅርታ)። የሚገርመኝ አይኮመጥጥም። ኢንዶስኮፒም (በአፍ በሚገባው ካሜራ) ታይቼ ቁስል የለም ተባልኩ። እናቴ ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጣ ትላለች። ሱሪዬ እየሰፋኝ ነው። ምን ላድርግ?

ቡና በጤናዳም፦
ወንድሜ እኔንም ቃር ሲያንገበግበኝ ነበር። መድኃኒቱን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ ዋጠው፣ ብዙ ሰው በልቶ ነው የሚውጠው፣ እንደዛ ብዙም አይሠራም። እራት በልተህ 3 ሰዓት ሳትቆይ አትተኛ። የአልጋህን ራስጌ በጣውላ ከፍ አድርገው፣ ትራስ መደራረብ አይተካውም። በርበሬና ቡናም ቀንስ (እኔ ቡናዋን አልቻልኩም)።

ሲስተር፦
ከላይ የተባለው ለቃር ልክ ነው፣ ያንተ ግን ቃር ብቻ አይመስለኝም። ነርስ ነኝ። የምግብ ቧንቧው በጠባሳ ወይም በዕጢ ሲጠብ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ደረቁ ምግብ ነው፣ ፈሳሹ ኋላ ይከተላል። ከጅምሩ ሁለቱም ከተቀረቀሩ የሚጠረጠረው የቧንቧው እንቅስቃሴ ነው። ጡንቻው ምግቡን ከላይ ወደ ታች እየጨመቀ ይገፋዋል፣ ታች ያለው በር ደግሞ ይከፈትለታል። አካሌዥያ በሚባለው በሽታ ይህን የሚያዙት ነርቮች ይሞቱና መግፋቱ ይቀራል፣ በሩም አልከፈት ይላል። የተጠራቀመው ምግብ እዚያው ሲብላላ ያቃጥላል፣ ሰው ቃር ይለዋል። ያልኮመጠጠው ጨጓራ ስላልደረሰ ነው።

ኢንዶስኮፒ መታየትህ ጥሩ ነው፣ ኪሎ ሲቀንስ መጀመሪያ ካንሰር መፈተሽ አለበት፣ በተለይ አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይበዛል። ግን ጅማሬ ላይ ያለ አካሌዥያ ሊያመልጠው ይችላል። ባሪየም የሚባለውን ነጭ ፈሳሽ እያስዋጡ የሚያነሱትን ራጅ ጠይቅ፣ ከላይ ሰፍቶ ከታች እንደ ወፍ መንቆር ከሾለ ነገሩ ታወቀ ማለት ነው። ማረጋገጫው ማኖሜትሪ ነው፣ በአፍንጫ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ውሃ እያስዋጡ ግፊቱን ይለካሉ፣ ችግሩ በየሆስፒታሉ አይገኝም።

ከዲሲ፦
እኔ አካሌዥያ ነበረብኝ፣ እዚህ የበሩን ጡንቻ በቀዶ ጥገና ቆረጡልኝ። በባሉን ማስፋትም፣ በአፍ ገብቶ መቁረጥም አለ። ውሃ ወረደልኝ! ግን በሩ አንዴ ከላላ አሲዱ ሽቅብ ይወጣል፣ እንዳይወጣ ብለው ጨጓራውን ትንሽ ጠቅልለው ቢሰፉልኝም እውነተኛውን ቃር ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ኦሜፕራዞሉ አሁን ገና ሥራ አገኘ። መግፋቱ እንደሆነ አልተመለሰም። ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ በደንብ አላምጬ፣ በውሃ እያወራረድኩ ነው የምበላው።

ሸጋው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ተልባውስ?

ሲስተር፦
ለጊዜው ተወው፣ ያብጣል። ውሃ በማያወርድ ቧንቧ ላይ ወፍራም ነገር አትጨምር። እራትህን ቀለል አድርግ። ተኝተህ የሚመለሰው ሳንባ ሊገባ ስለሚችል የሌሊት ሳል ወይም ትኩሳት ከጀመረህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ቶሎ ሂድ።