የብሽሽት ቡአ፦ በመረብ ይሠራ በክር?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 42 ዓመቱ ነው፣ ሥራው ጫኝና አውራጅ። ቀኝ ብሽሽቱ ላይ እብጠት አለው፤ ሲቆም ይወጣል፣ ሲተኛ ይገባል። ሐኪሙ «ሄርኒያ (ቡአ) ነው፣ በመረብ ይሠራ» ብሎታል። ጎረቤት ደግሞ «መረብ ባዕድ ነገር ነው፣ ቀበቶ ይታጠቅ» ይለዋል። መቆየት ይችላል? ከተሠራስ ኩንታል መቼ ይሸከማል?

የቀዶ ሕክምና ነርስ፣ ደሴ
አላህ አፊያ ያድርገው። ቡአ የሆድ ግድግዳ በሳሳበት ቦታ አንጀት ወይም ስብ ሾልኮ ሲወጣ ነው። ያንን ቀዳዳ የሚዘጋ ክኒን የለም። ቀበቶም ይደግፋል እንጂ አይዘጋም፤ ማስተኮስ ደግሞ ቆዳ ማቁሰል ብቻ ነው። የማያመውና በቀላሉ የሚገባ ከሆነ ቀጠሮ መጠበቅ ይችላል፤ ሸክም ላይ እየዋለ ግን ባያቆየው እመክራለሁ።

በክር ብቻ ሲሠራ የተራራቀው ሥጋ ተጎትቶ ይሰፋል። ሲያስል፣ ሲያምጥ፣ ሲሸከም ስፌቱ ይወጠርና ሥጋውን ይቀደዋል፤ ቡአው የሚመለሰው በዚህ ነው። መረቡ ግን ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ወንፊት መሰል ጨርቅ ነው፤ ሳይጎትት ይሸፍናል፣ በሳምንታት ውስጥ ሥጋ በዓይኖቹ አልፎ ይበቅልበታል። ብዙ ጊዜ 7 በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከብልት በላይ ያለውን አጥንት እስከ 2 ሴንቲ ሜትር አልፎ መደራረብ አለበት፤ እዚያ ጥግ ላይ ካጠረ ቡአው በዚያው ይመለሳል። መረብ መመረዙ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ቁስሉ ቀልቶ መግል ከያዘ ቶሎ ይታይ።

ጤና መኮንን
ማደንዘዣው ብዙ ጊዜ በወገብ ነው፤ ቦታውን ብቻ አደንዝዞም ይሠራል። በካሜራ የሚሠራው በሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ነው፤ ሙሉ ማደንዘዣና የሠለጠነ ሐኪም ይፈልጋል። ሁለቱም ብሽሽት ላይ ካለበት ወይም በፊት ተሠርቶ ከተመለሰበት ይመረጣል። ለመጀመሪያና ለአንድ ጎን የተለመደው ክፍት ቀዶ ሕክምና በቂ ነው። ለሕፃናት ግን አንጀቱ ሾልኮ የሚገባበት ከረጢት ታስሮ ይቆረጣል እንጂ መረብ አይገባም።

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ
እግዜር ይስጥልኝ። ሲጋራ ያጨሳል፣ ያስለዋል። ችግር አለው?

የቀዶ ሕክምና ነርስ፣ ደሴ
አዎ፣ በጣም። ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ያቁም፣ ሳሉም ይታከም። የሆድ ድርቀት ወይም ሽንት ሲሸና ማማጥ ካለበትም አስቀድሞ ይነገር። በተሠራ ዕለት ማታ ተነስቶ ይራመድ። የቆለጥ ማበጥና መጥቆር በጥቂት ሳምንት ይጠፋል። ከባድ ነገር ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት አያንሳ፤ ኩንታል ሐኪሙ አይቶት ሲፈቅድ ብቻ፣ ያውም ከቀላል ጀምሮ።

ጤና መኮንን
አንድ ነገር በጣም አደራ። እብጠቱ ድንገት ጠጥሮ አልገባ ካለ፣ ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ፈስና ሰገራ ከዘጋው አንጀቱ ታንቋል ማለት ነው። ደሙ ከተቋረጠ በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል። በኃይል አትግፉት፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡት፣ ምግብም ውኃም አይቅመስ። ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት።