ሉአው፦ ድግሱ ነው ቅጠሉ?

ፊደል ቆጣሪ፦ የሃዋይን «ሉአው» ብዙ ሰው «ባህላዊ ድግስ» ብሎ ይተረጉመዋል። የምግብ ዝርዝሩ ላይ ግን «የዶሮ ሉአው» የሚል አለ። ድግስ ላይ ድግስ ይበላል እንዴ? «ካሉአ»ንና «ሁላ»ንስ ምን እንበላቸው?

ቅጠል በጣሽ፦ ቃሉ መጀመሪያ የቅጠል ስም ነው፤ ለጋ የጎደሬ ቅጠል ማለት ነው። ጎደሬ ስል ደቡብ ኢትዮጵያ የሚተከለውን ያንኑ ተክል ነው፤ እነሱ «ካሎ» ይሉታል። ቅጠሉ ከዶሮ ወይም ስኩዊድ ከሚባል የባሕር እንስሳ ጋር በኮኮናት ወተት ሲበስል ወጡ በቅጠሉ ስም ተጠራ፤ ያ ወጥ የማይቀርበት ድግስም ስሙን ወረሰ። የድግሱ የጥንት ስም «አሃአይና» ነው፤ «አሃ» ጉባኤ፣ «አይና» ማዕድ። እስከ 1819 እ.ኤ.አ. ወንድና ሴት አብረው አይበሉም ነበር፤ አሳማ፣ ኮኮናትና አብዛኛው የሙዝ ዓይነት ለሴት ክልክል ነበር። በዚያ ዓመት ንጉሥ ዳግማዊ ካሜሃሜሃ ከሴቶች ጋር በአንድ ማዕድ በላና ሕጉ ፈረሰ።

«ላው» ቅጠል ነው፣ «ላውላው» እንደኛ «ቅጠላ ቅጠል»። በዚህ ስም የሚጠራው ምግብ ሲሠራ የአሳማ ሥጋና ጨው የገባበት ዓሣ በጎደሬ ቅጠል ይጠቀለልና ከላይ «ቲ» በሚባል ሌላ ተክል ቅጠል ይታሰራል። የውስጡ ይበላል፣ የውጪው ተፈትቶ ይጣላል። ቲ ቅጠሉን የሚያኝክ እንግዳ በየድግሱ አይጠፋም።

አፈር ምድጃ፦ ካሉአን «ጥብስ» የሚሉትን አልቀበልም። «ሉአ» ጉድጓድ ነው፤ ካሉአ በጉድጓድ ታፍኖ በእንፋሎት የበሰለ ነው። «ኢሙ» ደግሞ ራሱ የጉድጓድ ምድጃው። መጀመሪያ እንጨት ይነድና ድንጋዩ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይግላል። ድንጋዩ ደረቅና ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሆን አለበት፤ የወንዝ ድንጋይ ውስጡ ውሃ ስለሚይዝ ሲግል ይፈነዳል። በጋለው ድንጋይ ላይ የተቀጠቀጠ የሙዝ ግንድ ይነጠፋል፤ እንፋሎቱ የሚመጣው ከሱ ነው። ቀጥሎ ቲ ቅጠል፣ ከዚያ በጨው የታሸና ሆዱ ውስጥ የጋለ ድንጋይ የገባለት አሳማ፣ ከላዩ የሙዝ ቅጠል፣ የረጠበ ጆንያ፣ በመጨረሻም አፈር። ሙሉ አሳማ ከሆነ 6 እስከ 8 ሰዓት ይፈልጋል፣ ሌሊቱን የሚያሳድሩትም አሉ። የሙዝ ግንዱ ሲያንስ ሥጋው ከታች ያራል። በአፈሩ ስንጥቅ እንፋሎት ካመለጠ ደግሞ ከላይ ጥሬ ይቀራል፤ ስለዚህ እንፋሎት ባዩበት ቦታ ሁሉ ወዲያው አፈር ይጨምራሉ። ጉድጓዱን መክደን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። «አኦሄ ሃና ኑይ ኬ አሉ ኢአ» ይላሉ፤ ለሚተባበር ትልቅ ሥራ የለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብላችሁ ብትተረጉሙት ምንም አይጎድልበትም።

ዜማ ተከታይ፦ ሁላን «ጭፈራ» ማለትም ልክ አይደለም። ግጥም የሌለው ሁላ የለም፤ እጁ የሚናገረው ግጥሙን ነው። ለአስተሳሰቡ ከጭፈራ ይልቅ ወረብ ይቀርበዋል፤ አስተማሪውም «ኩሙ» ነው፣ እንደኛ መሪጌታ የሚከበር። «ካሂኮ» የጥንቱ ነው፤ በዜማና በ«ኢፑ ሄኬ»፣ ማለትም ሁለት ቅል ተጣብቆ በተሠራ ከበሮ፣ ወይም «ፓሁ» በሚባል የእንጨት ከበሮ ይታጀባል። «አውአና» ጊታርና ዩኩሌሌ የገባበት ዘመናዊው ነው። በ1830 እ.ኤ.አ. ንግሥት ካአሁማኑ ሁላን በአደባባይ ከለከለች፤ ንጉሥ ካላካውአ በ1883 የዘውድ በዓሉ ላይ መልሶ አወጣው። የዛሬ መድረክ ድብልቅ ስለሆነ አትወናበዱ፦ የእሳት ቢላዋው የሳሞአ ነው፣ ወገብ በፍጥነት የሚወዛወዝበት የታሂቲ። ሁለቱም ሁላ አይባሉም።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ሌይ»ስ? «የአበባ ጉንጉን» ብል መቃብር ላይ የሚቀመጠው እየመጣብኝ ተቸገርኩ።

ዜማ ተከታይ፦ ሌይ ብለው ይተዉት። ትከሻ ላይ ይደረጋል፣ ግማሹ ከፊት ግማሹ ከኋላ። ሲሰጥዎ እምቢ አይባልም፣ ሰጪው ፊትም አይወለቅም። ለነፍሰ ጡር ክብ የሆነውን አይሰጡም፣ ጫፉ ያልተገጠመውን እንጂ።

ጾመኛ፦ እህቴ ሠርጓን እዚያ ልታደርግ ነው። አሳማ ለማይበላና ለሚጾም ምን ይቀራል?

ቅጠል በጣሽ፦ «ፖይ» አለ። የበሰለ የጎደሬ ሥር በድንጋይ ሲወቀጥ መጀመሪያ እንደ ገንፎ የጠነከረ «ፓኢአይ» ይሆናል፤ ውሃ ሲጨመርበት ፖይ ነው። ውፍረቱን በጣት ይቆጥራሉ፦ በአንድ ጣት የሚነሳው ወፍራም፣ ሦስት ጣት የሚፈልገው ቀጭን። ሲያድር ይኮመጥጣል፤ አልተበላሸም፣ ኮምጣጣውን የሚመርጡ ብዙ ናቸው። «ሃውፒያ»ም የጾም ነው፤ የኮኮናት ወተት፣ ስኳርና ስታርች ብቻ ነው። ስኳር ድንችም አለ። «ሎሚ ሳልሞን»ን በስሙ እንዳትታለሉ፦ ሎሚ የለበትም፣ በእጅ የታሸ ጨዋማ ዓሣ ነው፤ «ሎሚ» በነሱ ማሸት ማለት ነው። የዶሮ ሉአው አሳማ የለበትም፤ ጎደሬው ወይም ስኳር ድንቹ ከአሳማው ጋር በአንድ ኢሙ በስሎ እንደሆነ ግን ጠይቁ። የሉአው ቅጠል ጉሮሮ ካሳከከ በደንብ አልበሰለም፦ ጥሬው እንደ መርፌ የሾለ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣት አለበት። አንድ ሰዓት ያህል ሳይፈላ አይቅመሱት።